ቀድሞ የበረደው ጋላክሲና ክቡር ምክትል ሚኒስትሩ

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ብሎ የተረተው ሰው የእኛን ተቋም አላየም። እኛ ኬፕታውን ውስጥ፣ ከተራራው ግርጌ ተቀምጠን ሰማይ እያረስን የምንኖር ሰዎች ነን። አንዳንዱ ያርሳል፣ አንዳንዱ ያርማል፣ እኔን የመሰለው ደግሞ ኮምፒውተር ይጠግናል። ሰማዩን በተመለከተ ተረተኛው ተሳስቷል። ንጉሡን በተመለከተ ግን አንዲት ቃል አልሳተም።

የእኛ ንጉሥ ፕሮፌሰር ዴኦን ላተጋን ናቸው። ቀይ፣ ረጅም፣ በጋ ከክረምት ቁምጣ የሚለብሱ ሰው ናቸው። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት አንድ ትልቅ ጽሑፍ አሳተሙ። ጽሑፉ ጋላክሲ፣ ያ በመቶ ቢሊዮን የሚቆጠሩ ከዋክብት የሚኖሩበት የሰማይ አገር፣ አዲስ ኮከብ መውለድ መቼ እንደሚያቆም የሚናገር ነው። በእሳቸው ስሌት፣ ትልቅ ጋላክሲ ዓለም ከተፈጠረች ሦስት ቢሊዮን ዓመት ሳይሞላ መውለድ ሊያቆም ከቶ አይችልም። ይህንኑ በአንድ ሥዕል ነጥብ በነጥብ አስቀመጡት። በሥዕሉ ውስጥ ታች በግራ በኩል የቀረችውን ባዶ ጥግ ደግሞ በገዛ እጃቸው «እዚህ ምንም የለም» ብለው ጻፉባት።

ሥዕሉ አስከበራቸው። የተቋሙ የመስታወት በር ላይ ተለጠፈ፤ የሻይ ኩባያዎቻችን ላይ ታተመ፤ ለእንግዳ በሚሰጠው የቀን መቁጠሪያ ላይ የታኅሣሥ ወር ሥዕል ሆነ። ተማሪዎቹ ያችን ባዶ ጥግ «የፕሮፌሰሩ ርስት» ይሏታል፤ እሳቸው ሳይኖሩ ነው እንጂ።

ዶክተር ኖባንቱ ሲጊዲ ወደ እኛ የመጣችው ከሦስት ዓመት በፊት ነበር። አገሯ ምሥራቅ ኬፕ ያለችው ጾሞ ናት። እናቷ የጤና ጣቢያ ነርስ ናቸው፤ ልጃቸው ምን እንደምትሠራ ጎረቤት ሲጠይቃቸው «አሮጌ ብርሃን ታነባለች» ይላሉ፤ ልክ ናቸው። ኖባንቱ ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነው። አንድ አመል አላት፤ የተጠየቀችውን ብቻ ትመልሳለች፣ የተጠየቀችውን ግን በትክክል ትመልሳለች። አንቲ ፋዝሊን፣ ተቋሙን ሠላሳ አንድ ዓመት ያገለገሉት ጸሐፊያችን፣ ሰኞ ሰኞ ኮኮናት የተነሰነሰበት ኩሲስተር የሚባል ጣፋጭ ጠብሰው ያመጣሉ። ሁላችንም እጃችንን እየላስን «ዛሬማ ልዩ ነው» እንላለን። ኖባንቱ በመጣች በመጀመሪያው ሰኞ እንዴት ነው ብለው ቢጠይቋት፣ አላምጣ ዋጠችና «ሄሉ በዝቷል፤ ሊጡ ግን ጥሩ ነው» አለቻቸው። አንቲ ፋዝሊን ቀና ብለው ካዩዋት በኋላ፣ በሠላሳ ዓመት ውስጥ እውነት የነገረችኝ እሷ ብቻ ናት ብለው ከዚያን ቀን ጀምሮ ልጃቸው አደረጓት።

የኖባንቱ ሥራ ጠፈር ላይ ያለው ትልቁ ቴሌስኮፕ የላከውን ብርሃን በቀለም በቀለሙ ዘርዝሮ ማንበብ ነው። ነገሩ ሲያዩት ቀላል ነው። ከከዋክብት ትልልቆቹ ሰማያዊ ናቸው፤ እንደ ጉድ ይነዱና በወጣትነታቸው ያልቃሉ። ትንንሾቹ ቀይ ናቸው፤ ቆጥበው ስለሚነዱ ዘመን ይቆጥራሉ። አንድ ጋላክሲ መውለድ ሲያቆም መጀመሪያ የሚጠፉት ሰማያዊዎቹ ናቸው፤ የሚተካቸው የለማ። ቤቱ ቀይ በቀይ፣ ሽማግሌ በሽማግሌ ሆኖ ይቀራል። እንግዲህ ቀይ መፈለግ ነው።

እሷ የምታነበው «እቶን» ከሚባለው የደቡብ ሰማይ የከዋክብት ስብስብ አቅጣጫ የመጣ ብርሃን ነበር። ተራ ቁጥሩ አርባ አራት ሰባ አንድ የሆነ አንድ ነጥብ አየች። ነጥቡ ቀይ ነው። ብርሃኑ የተነሣው ዓለም ገና አንድ ቢሊዮን ከአራት መቶ ሚሊዮን ዓመቷ ሳለ ነው። ጋላክሲው ያኔውኑ ከመቶ ቢሊዮን ፀሐይ በላይ ይመዝን ነበር፤ አዲስ ኮከብ ከወለደም አምስት መቶ ሚሊዮን ዓመት አልፎታል። ሌሎቹ ጋላክሲዎች ገና ጎንበስ ቀና በሚሉበት ዘመን፣ ይሄኛው ሠርቶ፣ ጨርሶ፣ እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል።

አላመነችም። አራት ወር ሙሉ መልሳ መላልሳ አነበበችው። በመጨረሻ ነጥቡን በፕሮፌሰሩ ሥዕል ላይ አስቀመጠችው። ነጥቡ ባዶዋ ጥግ ውስጥ ገብቶ፣ «ምንም የለም» የሚለው ጽሑፍ ላይ ቁጭ አለ። ያን ጊዜ፣ በኋላ እንደነገረችኝ፣ የተሰማት ደስታ አልነበረም። በሰው ጓሮ ገብታ የተያዘች መሰላት።

ወረቀቷን ይዛ ፕሮፌሰሩ ቢሮ ገባች። እሳቸው በሥዕላቸው ኩባያ ቡናቸውን እየጠጡ ነበር። ወረቀቱን ተቀብለው ለአንድ ደቂቃ ያህል አዩት።

«አቧራ ነው» አሉ።

ክርክራቸው ሞኝነት አልነበረም። ብዙ አቧራ የሸፈነው ወጣት ጋላክሲም ቀይ ሆኖ ይታያል፤ የእኛም ፀሐይ ካሩ በረሃ ላይ አውሎ ነፋስ ሲነሣ ትቀላለች። ኖባንቱ ይህን አስቀድማ አስባበት ነበር። አቧራ ቢኖር ኖሮ የሰማያዊዎቹን ከዋክብት ሙቀት ጠጥቶ በረጅሙ ሞገድ ማብራቱ አይቀርም፤ ስለዚህ በረጅሙ ሞገድ እንይ አለች። እሳቸውም እዪ አሏት፤ የሚያዩ ሰዎች ተራ ሲጠብቁ ዓመት እንደሚፈጅባቸው ያውቃሉና።

አንድ ዓመት አልፈጀም። ደቡብ አሜሪካ ተራራ አናት ላይ ያሉት የሬዲዮ ሰሃኖች ከሰባት ወር በኋላ ወደ አርባ አራት ሰባ አንድ ዞሩ። በሦስት ሰዓት ምልከታ ምንም አላገኙም። ሙቀት የለም፣ አቧራ የለም። ኖባንቱ ይህን ወረቀት ይዛ ስትገባ ፕሮፌሰሩ ለግማሽ ደቂቃ ያህል አዩት።

«ቀዝቃዛ አቧራ ነው» አሉ።

ማክሰኞ ማክሰኞ ሁላችንም የምንሰበሰብበት ሴሚናር አለን። ኖባንቱ እዚያ ቆማ ሥራዋን አቀረበች። ፕሮፌሰሩ ከፊት ወንበር ሆነው ክንዳቸውን አጣጥፈዋል። ከኋላቸው ያሉት አሥራ ስድስት ተመራማሪዎች የፕሮፌሰሩን ማጅራት ያያሉ። ማጅራቱ ሲቀላ የእነሱም ፊት ይጠቁራል፤ ማጅራቱ ሲነቀነቅ እነሱም ይነቀነቃሉ። መጨረሻ ላይ አንዱ «በጣም ደስ የሚል ሥራ ነው» አለ። በእኛ ተቋም ይህ ማለት «ይቅርታ፣ እዚህ የለሁም» ማለት ነው። ከስብሰባው ወጥተው አንድ ባንድ ኮሪደር ላይ እየያዙ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ በጣም ጎበዝ እንደሆነች ነገሯት። አሥራ ስድስቱም ነገሯት። ኖባንቱ ከመካከላቸው አንዱን ይህን በፕሮፌሰሩ ፊት ይድገሙልኝ ብትለው፣ ልጁን ከትምህርት ቤት የሚያመጣበት ሰዓት ደርሶ ነበር።

ጽሑፏን ጻፈች፤ የሬዲዮውን ምልከታ የሠራላትን የቺሊ ባልደረባዋንም ስም አገባች። ፕሮፌሰሩን የእርስዎም ስም ይግባ ወይ ብላ በደብዳቤ ጠየቀቻቸው። መልሳቸው አንድ መስመር ነበር፤ «እኔ በአቧራ ላይ ስሜን አልጽፍም።» ደብዳቤውን አስቀመጠችው።

ነገሩ እዚህ ላይ ተቀብሮ ይቀር ነበር፤ ምክትል ሚኒስትሩ ባይመጡብን ኖሮ።

የእውቀትና የብልፅግና ሚኒስቴር ምክትል ሚኒስትር፣ የተከበሩ ቤኪሲሳ ማግዋዛ፣ ተቋማችንን ሊጎበኙ ፈልገዋል ተባለ። የሕዝብ ግንኙነቷ ሌቦጋንግ በአምስት ደቂቃ የሚነገርና ጋዜጣ የሚያወጣው ነገር ፍለጋ ቢሮ ለቢሮ ዞረች። የሁሉም ሥራ «በሂደት ላይ» ነበር። በመጨረሻ ኖባንቱ ጋ ደረሰች። ሰምታ ስትጨርስ ዓይኗ በራ። ማታውኑ አንድ መግለጫ ጽፋ ለሚኒስቴሩ ላከች፤ ርእሱም «ከሁሉ ቀድሞ መብራቱ የጠፋው ጋላክሲ፦ ለምን በጊዜ ጨለመ?» የሚል ነበር።

ይህ የሆነው በየሰፈሩ መብራት በፈረቃ በሚጠፋበት ዓመት መሆኑን መዘንጋት አይገባም። በቀን ስድስት ሰዓት ይጠፋል። ሰው ልብሱን የሚያጥበው፣ ድስቱን የሚጥደው፣ የሚላጨውም በፈረቃው ሰሌዳ ነው። የምክትል ሚኒስትሩ አማካሪ መግለጫውን አንብቦ በማግሥቱ ደወለ። ሌቦጋንግ የተባለችውን መጥታ ነገረችን። አማካሪው፣ ክቡርነታቸው በሰላም ሊጎበኟችሁ ሲመጡ ይህን ስድብ ምን አመጣው፣ ከየትኛው ፓርቲ ናችሁ ብሏል። እሷም ጋላክሲው አሥራ ሁለት ቢሊዮን ዓመት ያለፈው ነገር እንደሆነ፣ ከመንግሥት ጋር ግንኙነት እንደሌለው ብታስረዳው፣ «ታዲያ ያለፈውን መንግሥት ነው በሉና» ብሏታል።

በሦስተኛው ቀን የቃላት ዝርዝር ተላከልን። ክቡር ምክትል ሚኒስትሩ ባሉበት «ጠፋ»፣ «ጨለመ»፣ «ሞተ»፣ «ቆመ»፣ «በረደ» እና «ተቋረጠ» የሚሉት ቃላት አይነሡም። አንድ ኮሚቴ ተሰይሞ ምትክ ቃል ፈለገ። ኮሚቴው ሁለት ሰኞ ተሰብስቦ የአንቲ ፋዝሊንን ኩሲስተር ጨረሰ። ከብዙ ክርክር በኋላ «የተረጋጋ ጋላክሲ» እንዲባል ወሰነ። ሚኒስቴሩ ወዲያው ወደደው።

የሚገርመው ፕሮፌሰሩም ወደዱት። ክቡርነታቸው የሚመጡት ለዚህ ጋላክሲ ሲባል ነው ሲባሉ፣ ጋላክሲው ለዚያ ቀን እውነት እንዲሆን ፈቀዱ። ኖባንቱን አስጠርተው ንግግሩን በአሥር ደቂቃ እንድታዘጋጅ አዘዟት። እሷም እንግዲያው ጽሑፉን ለጆርናሉ ልላከው ወይ ብላ ጠየቀች። ይህማ ሌላ ነገር ነው አሏት። ለሚኒስትሩ ጋላክሲ፣ ለጆርናሉ አቧራ። ደግሞም ክቡርነታቸው ራሳቸው ሳያበሥሩት ጽሑፉ ቢወጣ ነውር ነው፤ ስለዚህ ጉብኝቱ እስኪያልፍ ጠብቂ ተባለች።

ጉብኝቱ ሦስት ጊዜ ተላለፈ። በሦስተኛው መተላለፍ ሰሞን ኮፐንሃገን ያለች የትምህርት ጓደኛዋ ለኖባንቱ ጻፈችላት። ደብዳቤው ስለ ጤናና ስለ አየር ጠባይ ጠይቆ፣ እግረ መንገዱን እዚያ ያለው ቡድን በእቶን አቅጣጫ ሦስት እንግዳ ቀያይ ነገሮች እንዳየ፣ እየጻፉት እንደሆነም ይናገራል። ኖባንቱ ደብዳቤውን ይዛ ወደ አንቲ ፋዝሊን ክፍል ሄደች። እኔ እዚያው ጠረጴዛ ሥር ተኝቼ የኮምፒውተር ገመድ እቀጥል ነበር፤ ውጣ ያለኝ ስለሌለ ሰማሁ።

አንቲ ፋዝሊን ደብዳቤውን አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ዊናንድ የሚባል ተማሪ ነበረን» አሉ። «አሥራ ሁለት ዓመት ሆነው። እሱም አንድ ነገር አየሁ ብሎ ገባ። አቧራ ነው አሉት። ቆይ አሉት፤ ቆየ። ልጄ፣ ያ ልጅ ሲቆይ ያየሁትን ያህል ድንጋይ ሲቆይ አላየሁም።»

«አሁን የት ነው?»

«ቤልቪል። የመዋኛ ገንዳ ፓምፕ ይሸጣል። አልተጎዳም፤ ጥሩ መኪና ገዝቷል፣ ሚስቱም ጥሩ ናት። ግን ለዒድ ሊጠይቀኝ በመጣ ቁጥር ምን እንደሚለኝ ታውቂያለሽ? ሻዩን ሳይቀምስ፣ አንቲ፣ አቧራ ነበር እንዴ ይለኛል።»

ኖባንቱ ደብዳቤውን ተቀብላ አጠፈችው። ከዚያ እንደ አመሏ ጥያቄውን በልክ አድርጋ ጠየቀች። ጽሑፍ ለመላክ የፕሮፌሰሩ ፈቃድ ያስፈልጋል የሚል ደንብ በተቋሙ አለ ወይ አለች። አንቲ ፋዝሊን ደንቡን የተየቡት እሳቸው ናቸው። ስሙ የገባ ሰው ሁሉ መፍቀድ አለበት፣ ስሙ ያልገባ ሰው አያገባውም አሏት። ኖባንቱም አመስግና ወጣች። ፕሮፌሰሩ በአቧራ ላይ ስማቸውን እንደማይጽፉ በጽሑፍ ተናግረዋልና፣ ጽሑፉን ከምሳ በፊት ላከችው። መዝጊያው ላይ፣ እንደ ወጉ ምስጋና በሚሰጥበት ቦታ፣ «ፕሮፌሰር ዴኦን ላተጋን አቧራ ነው ብለው ደጋግመው ባይከራከሩን ኖሮ አቧራ አለመሆኑን እንዲህ አጥብቀን አንመረምርም ነበር፤ ስለዚህ እናመሰግናቸዋለን» ብላ ጻፈች። ፌዝ አልነበረም፤ ምስጋናዋ ከልቧ ነበር።

ጆርናሉ ሲመረምር ሰባት ሳምንት ፈጀ። ጽሑፉ አርብ ሊወጣ ተቆረጠ። ምክትል ሚኒስትሩም፣ እግዜር ሲያጣጥመው፣ ሐሙስ መጡ።

ያን ሐሙስ በሰፈራችን መብራት አልጠፋም። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ መጥፋት ነበረበት፣ አልጠፋም። አራት ሰዓት ላይም አልጠፋም። ከፊት ለፊታችን ያለችው ጸጉር ሠሪ ደንበኞቿን በስልክ ጠርታ ቤቷን ሞላች፤ ዳቦ ቤቱም ሁለት ጊዜ ጋገረ። አንድ ሽማግሌ በራችን ላይ ቆመው ዘበኛውን የሚመጡት ሰውዬ ማን ናቸው ብለው ጠየቁት። ሲነግራቸው፣ በየሳምንቱ እንዲመጡ ማመልከቻ የሚገባው የት ነው አሉ።

አዳራሹ ሞላ። ክቡር ምክትል ሚኒስትር ማግዋዛ ወፍራም፣ ሳቂታ ሰው ናቸው፤ የቀረበላቸውን ሁሉ በአክብሮት ይበላሉ። ንግግራቸውን ከወረቀት አነበቡ። ይህ ጋላክሲ ገና በልጅነቱ መረጋጋትን የመረጠ ጋላክሲ ነው አሉ። ሌሎች ሲራወጡ እሱ ተረጋጋ፤ ለአህጉራችን ምሳሌ ነው፤ ተቋሙም የእሱን አርአያ እንዲከተል አደራ እላለሁ አሉ። አሥራ ስድስቱ ተመራማሪዎች አጨበጨቡ። ፕሮፌሰሩ ለዚያ ቀን ሱሪ ለብሰው ነበር።

ቀጥላ ኖባንቱ ተነሥታ አሥር ደቂቃ ተናገረች። ከተከለከሉት ቃላት አንዱንም አላነሣችም። ተረጋጋ፣ ተረጋጉ፣ መረጋጋት እያለች ጨረሰች። ሌቦጋንግ ከበሩ አጠገብ ቆማ በእፎይታ ዓይኗን ጨፈነች።

ነገር ግን ምክትል ሚኒስትሩ ወረቀታቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከከተቱ በኋላ ከልባቸው የሚጠይቁት ነገር መጣባቸው። ገበሬ ያሳደጋቸው ሰው ናቸው፤ መረጋጋት የሚባለው ነገር ሳያጠራጥራቸው አልቀረም።

«ቆይ ልጄ» አሉ። «ከተረጋጉ በኋላ አዲስ ኮከብ ይወልዳሉ?»

«አይወልዱም፣ ክቡር ሚኒስትር።»

«ለምን? ምን ነካቸው?»

ኖባንቱ የተጠየቀችውን መለሰች።

«መሃል ላይ የተቀመጠ አንድ ከባድ ነገር አለ» አለች። «መጀመሪያ ትንሽ ነበር። በዙሪያው ያለውን ጋዝ እየበላ አደገ። ለአዲስ ኮከብ መወለጃ የሚሆነው ያው ጋዝ ነው። የበላውን በላ፤ ያልበላውን ደግሞ ሲበላ በሚወጣው ሙቀትና ነፋስ አሞቀው፣ ገፍቶም ከአገሩ አስወጣው። ከዚያ በኋላ የቀሩት አሮጌዎቹ ብቻ ናቸው። ከሩቅ ሲያዩዋቸው ትልቅና የተረጋጉ ይመስላሉ።»

ሰው ሁሉ የምክትል ሚኒስትሩን ሆድ አየ፤ ቀጥሎ የፕሮፌሰሩን ማጅራት አየ፤ ከዚያ ሁሉም የገዛ ጫማውን አየ።

«መሃል ላይ ያለው ይሄ…» አሉ ምክትል ሚኒስትሩ፣ ቃል ፍለጋ እጃቸውን እያዞሩ፤ «የሚያነሣው የለም?»

«የለም፣ ክቡር ሚኒስትር። የሚበላው ሲያልቅ ዝም ይላል እንጂ ከቦታው አይነሣም።»

አንድ ሰው ከኋላ ሳል አፈነ። ኖባንቱ ግን ሌላ ጥያቄ ካለ ብላ ቆማ ትጠብቃለች። እሷ የተናገረችው መሃል ላይ ስላለው ጥቁር ቀዳዳ ነው። እንዲያውም ይህ ገና ሙሉ በሙሉ አልተረጋገጠም፣ የብዙዎቻችን ጥርጣሬ ነው ብላ ልትጨምር አስባ ነበር፤ ግን አልተጠየቀችም።

ሳምቡሳ ቀረበ። ምክትል ሚኒስትሩ ሰሃናቸውን ይዘው ኖባንቱን ወደ መስኮቱ ወሰዷትና ጎንበስ ብለው በጆሮዋ ተናገሩ። ልጄ፣ ጀግና ነሽ አሏት፤ አለቃሽን እንደዚያ ፊት ለፊት የሚነግረው ሰው በዚህች አገር ብርቅ ነው፤ እኔም ስገባ በሩ ላይ የተለጠፈውን አይቼ ጠርጥሬ ነበር፤ አይዞሽ፣ ዓይኔን ካንቺ አላነሣም። ትከሻዋን መታ መታ አድርገው ሁለት ሳምቡሳ አክለው ሄዱ።

መኪናቸው ከበሩ ሳይወጣ ፕሮፌሰሩ መጡ። ማጅራታቸው ቀልቷል፤ ዓይናቸው ግን ይስቃል። እኔ ፕሮጀክተሩን እየነቀልኩ ነበር። «ኖባንቱ» አሏት፣ «ሠላሳ ዓመት ለሚኒስትሮች ንግግር ሳደርግ ኖሬአለሁ፤ ለአንዱም ይህን ያህል ደፍሬ አላውቅም። ያ ሆዳም ሲሰማው ፊቱን አየሽው?» በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ እጇን ጨበጧት።

ኖባንቱ ወደ እኔ ዞራ ምን እያሉ ነው አለችኝ። ነገርኳት። መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች፣ ፊቷንም በሁለት እጇ ሸፈነች። ትስቃለች ብዬ ነበር፤ አልሳቀችም። «ሁለቱም አልሰሙኝም ማለት ነው» አለች።

አርብ ጽሑፉ ወጣ። ከውጭ አገር ጋዜጠኞች ደወሉ፤ ከጾሞ እናቷ ደወሉ። ፕሮፌሰሩ ጽሑፉን ያነበቡት ከሰዓት በኋላ ነው። ስማቸውን ከመጀመሪያው ገጽ ፈለጉት፤ አጡት። መጨረሻው ገጽ ላይ አገኙት። ሊቆጡ ተነሥተው ኮሪደሩ ድረስ መጡ ይባላል። ነገር ግን የአንድ መስመር ደብዳቤያቸው ትዝ ሳይላቸው አልቀረም፤ በዚያ ላይ ትናንት በሰው ፊት ጀግና ያሏትን ልጅ ዛሬ መቆጣት አስቸጋሪ ነው። ኖባንቱ ክፍል ገቡ፣ በሩን ዘጉ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የማውቀው ከእሷ ነው። ወንዝ ዳር የተቀመጠ ልጅ ይመስል ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ ብርሃኑን አሳዪኝ አሏት። ወረቀቱን ሳይሆን ራሱን ብርሃኑን፣ ከነጉድፉ፣ ገና ሳይጸዳ። ኮምፒውተሩ ላይ አወጣችላቸው። አርባ ደቂቃ አዩት። አንዴ ይሄ መስመር ምንድን ነው አሉ፤ ሃይድሮጅን ነው አለቻቸው። አንዴ ደግሞ ኮከብ የሚወልድ ቢሆን እዚህ ኦክስጅን መኖር ነበረበት አሉ፤ የለም አለች፤ አዎ፣ የለም አሉ። መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጠረጉ። «ዊናንድም…» ብለው ጀመሩ፤ አልጨረሱትም። እሷም አላስጨረሰቻቸውም። ተነሥተው ሲወጡ በሩን ቀስ ብለው ዘጉት፤ እሳቸው በር ቀስ ብለው የሚዘጉ ሰው አልነበሩም።

ኮፐንሃገኖቹ ጽሑፋቸውን ያወጡት በዘጠነኛው ቀን ነው፤ የኖባንቱን ሥራ በመጀመሪያው አንቀጽ ጠቅሰው፣ ሦስት ተጨማሪ ጋላክሲዎች ይዘው። የፕሮፌሰሩ ጸጸት ግን ከዚያ በላይ አልቆየም። በቀጣዩ ዓመት ጀርመን ሄደው ትልቅ ንግግር አደረጉ፤ ርእሱ «ቀድመው የተረጋጉ ጋላክሲዎች፦ ድሮም የጠረጠርነው» የሚል ነበር። አዲስ ኩባያም ታተመ። ባዶዋ ጥግ ላይ አሁን «እዚህ ጥቂት አሉ» ይላል። አሥራ ስድስቱ ተመራማሪዎች ሁሉ ቀደም ብለው እንዳመኑባት ለኖባንቱ በየተራ አስታወሷት። በዚያው ዓመት ሥራዋ ቋሚ ሆነላት፣ የራሷ ሁለት ተማሪዎችም መጡላት።

ምክትል ሚኒስትሩም ቃላቸውን አጠፉ አይባልም። ዓይናቸውን አላነሡም። በጥር ወር ከሚኒስቴሩ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ መጣ። ደብዳቤው ለተገኘው ጋላክሲ ደስታውን ገልጾ፣ እስካሁን የተገኙት ግኝቶች በሙሉ በኬፕታውን ብቻ መሆናቸውን በሐዘን አስተውሏል። ስለዚህ በቀጣዩ የበጀት ዓመት የሚገኙት ጋላክሲዎች ለዘጠኙም ክፍላተ ሀገር በፍትሐዊነት እንዲዳረሱ፣ በተለይ ላልለሙት ቅድሚያ እንዲሰጥ ይጠይቃል። መልስ በአሥራ አራት ቀን ውስጥ ይጠበቃል።

ሌቦጋንግ ደብዳቤውን ኮሚቴ ይየው አለች። ኖባንቱ ግን እኔ እመልሰዋለሁ ብላ ተቀመጠች። አንድ ገጽ ጻፈች። እቶን የተባለው የከዋክብት ስብስብ በበጋ ወራት ከዘጠኙም ክፍላተ ሀገር እኩል እንደሚታይ፣ በሰሜን ካለችው ሊምፖፖ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ከእኛ ዘንድ ከፍ ብሎ እንደሚታይ አስረዳች። ለየክፍለ ሀገሩ ዋና ከተማ የሚወጣበትንና የሚገባበትን ሰዓት በሰንጠረዥ አያያዘች። ላልለሙት ቅድሚያ ስለመስጠት ለተነሣው ነጥብም፣ መብራት በማይደርስባቸው መንደሮች ሰማዩ ይበልጥ እንደሚጠራ፣ ስለዚህ በዚህ ረገድ ቅድሚያው ቀድሞውኑ እንደተሰጣቸው ገለጸች።

ከሚኒስቴሩ መልሱ በሦስት ቀን መጣ። ምላሹ አጥጋቢ ሆኖ ስለተገኘ ጉዳዩ ተፈጽሞ ፋይሉ እንዲዘጋ ተወስኗል ይላል። ኖባንቱ አንብባ ለአንቲ ፋዝሊን ሰጠቻቸውና፣ ተማሪዎቿ እየጠበቋት ስለነበር ወደ ክፍሏ ተመለሰች።